እሾህን በእሾህ፦ የክኒን ሱስ በትር ሳይሆን ሐኪም ይሻል

(በአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለሚሠሩ ወጣቶች ካሰማሁት ንግግር የተወሰደ)



«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ይላል ያገራችን ሰው። ዛሬ የማወራችሁ ስለተሸሸገ በሽታ ነው።

ይህ ፓርክ በመስከረም 2011 ዓ.ም ሲመረቅ ተጨብጭቦለታል። ቀኑን ሙሉ ማሽን ላይ አጎንብሳ የምትውለው ልጅ ወገቧ እንዴት ሆነ ብሎ የጠየቀ ባለሥልጣን ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። አንድ የማሽን ኦፕሬተር «ወገቤን ሲያመኝ ጓደኛዬ ሰጠኝ። ዛሬ ካልዋጥኩት ፈረቃዬን አልጨርስም» ብሎኛል። የሚውጠው ትራማዶል ነው።

ትራማዶል ከእነሞርፊን ወገን የሆነ የሕመም ማስታገሻ ነው። ሲለመድ «ጨምርልኝ» ይላል። ሲቋረጥ ያልባል፣ ያንቀጠቅጣል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ሆድ ያስኬዳል። ሲበዛ እንደሚጥል በሽታ ያንዘፈዝፋል፤ ትንፋሽም ሊያቆም ይችላል። አለቃ ካወቀ ያባርራል ተብሎ ስለሚፈራ ይደበቃል። በተደበቀ ቁጥር ደግሞ ይብሳል።

ታዲያ መላው ምንድን ነው? አንዳንዱ ሰው በሐኪም ክትትል ክኒኑን ቀስ በቀስ እየቀነሰ ይላቀቃል። ለከበደበት ደግሞ እሾህን በእሾህ ነው! ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን የሚባሉ መድኃኒቶች አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል። ሜታዶን አብዛኛውን ጊዜ በቀን አንዴ፣ በነርስ ፊት ይጠጣል። መጠኑ ከተስተካከለ ሳያሰክር አምሮቱንና ሕመሙን ይይዛል። «ሱስን በሱስ መተካት አይደለም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ክኒን ፍለጋ ሲንከራተት የነበረ ሰው ሥራው ላይ ከዋለና ልጆቹን ካበላ፣ ይህ ሱስ ነው ወይስ ሕክምና? ፍርዱን ለእናንተ ትቻለሁ።

ነገር ግን ይህ የሱቅ በደረቴ ሥራ አይደለም። ሜታዶን ላልለመደው ሰው ገዳይ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለሱስ ሕክምና ሜታዶን የሚያድሉት የምስክር ወረቀት ያላቸው ተቋማት የሆኑትም ለዚሁ ነው። ሩቅ ሳንሄድ፣ ታንዛኒያ እ.ኤ.አ. በ2011 በሙሂምቢሊ ሆስፒታል፣ ኬንያም በ2014 መጨረሻ የሄሮይን ሱሰኞችን በሜታዶን ማከም ጀምረዋል።

ወደኛ ስንመጣ፣ ጤና ቢሮዎች ለሕዝብ ይመልሱ! የአዳማ ሠራተኛ ፈቃድ ያለው የሱስ ሕክምና የሚያገኘው የት ነው? ወይስ የቀን ደሞዙን ከስሮ አዲስ አበባ ድረስ 100 ኪሎ ሜትር ይሂድ? ትራማዶልን ያለ ማዘዣ የሚቸረችረውስ ማን ነው ተጠያቂው?

አሠሪዎችም ይስሙ። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጣል። የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደሞዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት በግማሽ፣ የቀሩት 3 ያለ ክፍያ ነው። ሐኪም በሽታ ነው ብሎ የመሰከረለት ሱስ በዚህ የማይታይበት ምን ምክንያት አለ?

ለእናንተ ደግሞ አደራ አለኝ። ብዙ ጊዜ የዋጣችሁትን ብቻችሁን በአንድ ጊዜ አታቁሙ፣ ከመጠጥ ጋርም አትቀላቅሉ። ለሐኪም እውነቱን ንገሩ። የሚያሳፍረው መታመም ሳይሆን የታመመን ሰው አውጥቶ መጣል ነው።