ስማቸው በትእዛዙ ላይ የማይጻፍ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ያደረገው ንግግር)

አንድ ወታደር ለግዳጅ ወደ ውጭ አገር ሲላክ የትእዛዙ ወረቀት የሚጻፈው በእርሱ ስም ነው። ትእዛዙ የሚፈጸመው ግን በሚስቱና በልጆቹም ላይ ነው። ዛሬ ልናገር ያሰብሁት ስማቸው በወረቀቱ ላይ ስለማይጻፈው ስለ እነዚህ ሰዎች ነው።

ግዳጅ ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው ቤተሰብን በአገር ትቶ የሚኬድበት ነው። ከክቡር ዘበኛ የተውጣጣው የቃኘው ሻለቃ እ.ኤ.አ. በ1951 ዓ.ም. ወደ ኮርያ ሲዘምት ሚስቶችና ልጆች በአገር ቤት ቀርተው ወሬውን ይጠባበቁ ነበር። ሁለተኛው ወታደሩ ቤተሰቡን ይዞ ሁለት ሦስት ዓመት በሰው አገር የሚያገለግልበት ነው። ለዚህኛው ከቅርባችን የምናገኘው ምሳሌ ዛሬ የኤርትራ ዋና ከተማ በሆነችው በአሥመራ የነበረው የአሜሪካኖች የቃኘው ጣቢያ ነው።

አሥመራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተሠራች ስለሆነች፣ ለምድር ወገብም ስለምትቀርብ፣ የሬዲዮ ሞገድን ከሩቅ ለመቀበል የተመቸች ናት። አስቀድሞ የኢጣልያ ባሕር ኃይል የሬዲዮ ጣቢያ ሠርቶባት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1943 ዓ.ም. አሜሪካኖች ያዙት። እ.ኤ.አ. በ1953 ዓ.ም. ኢትዮጵያና አሜሪካ ለ25 ዓመት ውል ተዋዋሉበት። ጣቢያውም በኮርያ በዘመተው ሻለቃ ስም ተጠራ፤ ይህም ስም ከራስ መኰንን የፈረስ ስም፣ ከአባ ቃኘው፣ የመጣ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ፣ ጣቢያው በሰፋበት ጊዜ፣ ወታደሩና ቤተሰቡ ተደምሮ 5,000 ያህል አሜሪካኖች በዚያ ይኖሩ ነበር። ለልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ለምእመናኑ የጸሎት ቤት፣ ሲኒማ፣ የአገራቸው ዕቃ የሚሸጥበት መደብር፣ የራሳቸውም ሬዲዮና ቴሌቪዥን ነበራቸው። የወታደሮቹ ሥራ በአብዛኛው የሌሎችን መንግሥታት የሬዲዮ መልእክት በምሥጢር ማዳመጥ ስለነበረ፣ አባት ቀኑን ምን ሲሠራ እንደዋለ ለልጁ ለመንገር አይፈቀድለትም ነበር።

እንግዲህ በአጥር ውስጥ ያለ ኑሮ ጥቅም እንዳለው አይካድም። ለእንግዳ ሰው መጠጊያ ይሆናል፤ ልጁም ትምህርቱ አይቋረጥበትም። ነገር ግን ያው አጥር ጉዳት አለው። ልጅ በአንድ አገር ሁለት ዓመት ኖሮ የጎረቤቱን ሰላምታ እንኳ ሳይማር ሊመለስ ይችላል። በአንጻሩ ከአጥሩ ውጭ በከተማው ቤት ተከራይተው የኖሩ ቤተሰቦች ከባለሱቁና ከጎረቤቱ ጋር በየቀኑ የመገናኘት ዕድል ነበራቸው። በጣቢያው ተቀጥረው የሚሠሩ የአገሩ ሰዎችም ነበሩ፤ ስለዚህ የተማረው እንግዳው ብቻ አልነበረም።

ጣቢያው እ.ኤ.አ. በ1977 ዓ.ም. ተዘጋ። እንዲህ ያለው ኑሮ ግን አልቀረም። ዛሬም በጀርመን፣ በጃፓንና በኮርያ ብዙ የአሜሪካ ወታደሮች ከነቤተሰባቸው ይኖራሉ። የኑሮው ችግርም ያው ነው። እናት አስተማሪ ወይም ነርስ ብትሆን ባሏ በተዛወረ ቁጥር ሥራዋን ትለቃለች፤ በአዲሱ አገር የሥራ ፈቃዷ ላይታወቅላት ይችላል። ልጅ ጓደኛ ባፈራ ማግስት ዕቃውን ያስራል። በዚያ አገር የወታደር ልጅ ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 12ኛ ክፍል ድረስ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ጊዜ ትምህርት ቤት ይለውጣል ይባላል። ለሽልማት የሚጠራው አባት ነው፤ የአገልግሎቱን ግማሽ የተሸከሙት ግን ሌሎች ናቸው።

ውድ ጓደኞቼ፤ ይህን ሁሉ ያነሣሁት ነገሩ ለእኛም ቅርብ ስለሆነ ነው። የኢትዮጵያ ወታደሮች እ.ኤ.አ. ከ1960 ዓ.ም. ጀምሮ በኮንጎ፣ በኋላም በሩዋንዳ፣ በላይቤሪያ፣ በዳርፉርና በአብዬ ሰላም ለማስከበር ተልከዋል። ቤተሰባቸው የቀረው በአገር ቤት ነው። ከእኛ ጋር በአንድ ወንበር ከሚቀመጡት መካከል አባቱ ወይም እናቱ ወደ ሌላ የጦር ሰፈር በመዛወራቸው በዓመቱ አጋማሽ የመጣ ተማሪ ሊኖር ይችላል።

እንዲህ ያለውን ተማሪ «ይለምዳል» ብለን ዝም ብንለው፣ ሲለምድ የመሄጃው ጊዜ ይደርሳል። ስለዚህ በመጣበት ሳምንት ያለፈውን ትምህርት የጻፍንበትን ደብተር እናውሰው፤ በእረፍት ሰዓት ወደ ጨዋታችን እንጥራው፤ ከየት እንደመጣም ለማፌዝ ሳይሆን ለመማር ብለን እንጠይቀው። አዲስ የመጣህ ወንድሜ፣ አዲስ የመጣሽ እኅቴ ሆይ፤ እናንተም «ነገ ስለምሄድ ወዳጅ አያስፈልገኝም» አትበሉ። ሁለት ዓመት የቆየ ወዳጅነት ከንቱ አይደለም።

አባቶቻችን «ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው» ብለዋል። ትምህርት ቤታችን በዓሉን ሲያከብር ከሕንፃው ይልቅ የሚያስመሰግነው፣ ለአጭር ጊዜ የመጣው ልጅ ከዚህ ሲሄድ «እዚያ እንግዳ አልነበርሁም» ለማለት መቻሉ ነው።