ባዶ ወንበርና የእንጀራ ዝምድና፦ የሁለት ፊልሞች ንባብ



በጥንታዊው የፍቅር ኮሜዲ ልጆች ይፋቀራሉ፤ ወላጆች ይከለክላሉ። ዛሬ የምንመለከተው ዘርፍ ይህን ሥርዓት ይገለብጠዋል፤ ልጆቻቸውን ለየብቻ የሚያሳድጉ ወላጆች ይፋቀራሉ፤ ፈቃድ ሰጪዎቹ ልጆች ይሆናሉ። ሁለት የአሜሪካ ፊልሞችን ላነጻጽር።

እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው፣ አዳም ሳንድለርና ድሩ ባሪሞር የተወኑበት «ብሌንድድ»፣ ሚስቱ የሞተችበትን የሦስት ሴት ልጆች አባትና ከባሏ የተፋታችን የሁለት ወንድ ልጆች እናት ያገናኛል። በእኔ ግምት የፊልሙ ምርጥ ሐሳብ አንድ ባዶ ወንበር ነው፤ ከሴቶቹ ልጆች አንዷ ለሟች እናቷ ከማዕድ ቦታ ትይዝላታለች። የልጅ እምቢታ ተንኮል ብቻ ሳይሆን ሐዘንም መሆኑን ያ ወንበር ይነግረናል።

ይሁንና ፊልሙ ሁለቱን ቤተሰቦች የሚያቀራርበው ደቡብ አፍሪካ በሚገኝ የመዝናኛ ሆቴል ነው። በዚያ አልጋ የሚያነጥፈውም ምግብ የሚያቀርበውም ሌላ ሰው ነው፤ አፍሪካዊውም ለእንግዶች ፍቅር ዘፋኝና አጃቢ ሆኖ ይቀራል።

እ.ኤ.አ. በ1968 ሜልቪል ሻቭልሰን ያዘጋጀው፣ ሉሲል ቦልና ሄንሪ ፎንዳ የተወኑበት «ዩርስ፣ ማይን ኤንድ አወርስ» በአንጻሩ ጓዳ ይገባል። በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ነው፤ የ10 ልጆች አባት የሆነ የባሕር ኃይል ባልደረባ፣ ባሏ የሞተባትን የ8 ልጆች እናት ያገባል። ለ18 ልጆች መኝታና መታጠቢያ መደልደል፣ ቁርስ ማድረስ ግድ ይሆናል። ሳቁም ከዚሁ ድካም ይፈልቃል።

አማርኛ ይህን ዝምድና የሚሰይመው በእንጀራ ነው፦ የእንጀራ እናት፣ የእንጀራ አባት፣ የእንጀራ ልጅ። በተረቶቻችን የእንጀራ እናት ብዙ ጊዜ ክፉ ናት፤ ስያሜው ግን ከተረቱ ይልቅ ፍትሐዊ ይመስለኛል። ደም ያላስተሳሰረውን የዕለት ማዕድ ሊያስተሳስረው እንደሚችል ይጠቁማልና። የ1968ቱ ፊልም ይህን ተረድቷል፤ የ2014ቱ ግን ወንበሩን አይቶ ማዕዱን ለአስተናጋጅ ተወው።

በመካከላችን በእንጀራ እናት ወይም በእንጀራ አባት እጅ ያደጉ አሉ፤ ነገ እንጀራ አባትና እናት የሚሆኑም ይኖራሉ። ስለዚህ እንዲህ ያለ ፊልም ስትተነትኑ፣ ጥንዶቹ ተዋደዱ ወይ ብላችሁ አትቁሙ። በማግስቱ ቁርሱን ማን ሠራ? ያ ባዶ ወንበርስ ከማዕዱ ተነሣ ወይስ ቦታው ተጠበቀለት? ብላችሁ ጠይቁ።