ትእዛዝና ኅሊና
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ሙያችን ሥነ ምግባር ስንነጋገር ዘወትር የምናነሣው ርኅራኄን፣ ትዕግሥትንና ምስጢር መጠበቅን ነው። እኔ ዛሬ ላነሣው የምወደው ጥያቄ ግን፣ ነርስ የታዘዘውን ፈጽሞ በሽተኛው ቢጎዳ ኃላፊው ማን ነው? የሚል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1966 ሆፍሊንግ የተባለ አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር አንድ ጥናት አሳትሞ ነበር። አንድ የማይታወቅ ሰው ሐኪም ነኝ ብሎ በምሽት ስልክ እየደወለ፣ ተረኛዋ ነርስ ለበሽተኛ 20 ሚሊግራም መድኃኒት እንድትሰጥ ያዛል። በመድኃኒቱ መያዣ ላይ የተጻፈው ከፍተኛ የቀን መጠን 10 ሚሊግራም ነበር፤ በስልክ ማዘዝም በሆስፒታሉ ደንብ የተከለከለ ነበር። ሆኖም ከ22ቱ ነርሶች 21ዱ ሊሰጡ ሲነሡ በተመልካች ታገዱ። ደግነቱ የቀረበው ጉዳት የሌለው ስኳር ነበር። ሌሎች 12 ነርሶች ይህ ቢደርስባቸው ምን እንደሚያደርጉ በተጠየቁ ጊዜ ግን 10ሩ አንሰጥም ብለው ነበር።

እነዚያን ነርሶች በክፋት ወይም በስንፍና ልንወቅሳቸው አይገባም። መታዘዝ ምግባር መሆኑን ተምረው ያደጉ ናቸውና። የዓለም አቀፉ የነርሶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1953 ያወጣው ደንብ ራሱ የሐኪምን ትእዛዝ በማስተዋልና በታማኝነት መፈጸምን ከግዴታዎች ቆጥሮት ነበር። በ1973 የተሻሻለው ደንብ ግን የነርስ ቀዳሚ ኃላፊነት እንክብካቤ ለሚያስፈልገው ሰው መሆኑን ደነገገ። እንግዲህ መርፌውን የያዘ እጅ «ታዝዤ ነው» በማለት ነጻ ሊወጣ አይችልም።

እ.ኤ.አ. በ1977 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ተስፋ ይሰጠናል። ነርሶቹ የሚያውቁት መድኃኒት ከልክ በላይ በታዘዘና ከባልደረባ ጋር ለመመካከር ዕድል ባገኙ ጊዜ፣ አብዛኞቹ አልሰጡም። ኅሊና ዕውቀትና አማካሪ ሲያገኝ ይበረታል ማለት ነው።

ስለዚህ አደራው ይበልጥ የሚከብደው በእኛ በአንጋፋዎቹ ላይ ነው። አንዲት ወጣት ነርስ በሌሊት መጥታ «ይህ መጠን አልበዛም ወይ?» ብላ ስትጠይቀን የምንሰጣት መልስ፣ ለሚቀጥለው ሌሊት መናገሯን ወይም ዝም ማለቷን ይወስናል። አበው «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ፤ በእኛ ሙያ ካለመናገር የሚጠፋው የሰው ነፍስ ነው።