የምንሠራው ለማን ይደርሳል?

ዛሬ የምንነጋገረው ሰው ከሚውልበት ሥራ እርካታና ዓላማ ስለሚያገኝበት መንገድ ነው። ለክፍለ ከተማችን ለንፋስ ስልክ ላፍቶ ይህ የቅንጦት ወሬ አይደለም። ከጎተራ እስከ ሳሪስ አቦ በደብረ ዘይት መንገድ ግራና ቀኝ ባሉት ፋብሪካዎች፣ መጋዘኖችና ጋራዦች፣ በጀሞና በለቡ ኮንዶሚኒየሞች ሥር በተከፈቱት ሱቆችና የውበት ሳሎኖች ውስጥ ብዙ ሺህ ሰው ከቤተሰቡ ጋር ከሚቆይበት ይልቅ ሥራ ላይ የሚቆይበት ሰዓት ይበልጣል። ይህን ያህል ዕድሜ የሚወስድ ነገር ደመወዝ እስኪወጣ ብቻ የሚታገሡት ከሆነ ጉዳቱ ከባድ ነው። የእኔ አቋም ይህ ነው፦ የሥራ እርካታ ሰው ብቻውን ተቀምጦ ከልቡ ቆፍሮ የሚያወጣው ነገር አይደለም፤ መሥሪያ ቤት በመቀየር ብቻም አይመጣም። ድካሙ ለማን እንደሚደርስ ሲያይና በሙያው የሚያድግበት በር ሲከፈትለት ቀስ በቀስ የሚገነባ ነው። ስለዚህ ኃላፊነቱ የሠራተኛውም የአሠሪውም ነው።

ለዚህ ከሀገራችን የወይዘሮ ማሚቱ ጋሼን ያህል ጥሩ ምስክር አላውቅም። እኚህ ሴት እ.ኤ.አ. በ1962 ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ በተራዘመ ምጥ በደረሰባቸው የፌስቱላ ጉዳት ከገጠር ወደ አዲስ አበባ፣ ልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል መጡ። ያከሟቸው ዶክተር ሬጅናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን ነበሩ። ማንበብና መጻፍ አይችሉም ነበር። ከታከሙ በኋላ በዚያው ቀርተው የጀመሩት ሥራ አልጋ ማንጠፍና በሽተኞችን መርዳት ነው። ቀጥሎ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገብተው መሣሪያ ማቀበል፣ አጠገብ ቆሞ ማየት፣ ከዚያም በራሳቸው እጅ መሥራት ተማሩ። የተዋጣላቸው የፌስቱላ ቀዶ ሐኪም ሆነው ከውጭ ሀገር የመጡ ዶክተሮችን ሳይቀር አሠልጥነዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1989 የእንግሊዝ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ ከሐምሊኖች ጋር የወርቅ ሜዳይ ሰጥቷቸዋል። ብዙዎቻችን ይህን ታሪክ የምንሰማው የአንዲት ጠንካራ ሴት ታሪክ አድርገን ነው። እውነት ነው፣ ግን ግማሹ ነው። አልጋ ሲያነጥፉ በዚያ አልጋ ላይ የምትተኛዋ ሴት ሕመም ምን እንደሆነ በራሳቸው አካል ያውቁት ስለነበር፣ አንሶላው አንሶላ ብቻ አልነበረም። ከዚህ ጋር ደግሞ «አንቺ አልተማርሽም፣ ከአልጋው አትለፊ» ብሎ ያልከለከላቸው አለቃ ነበራቸው። ያ በር ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ትጋት ምን ላይ ይውል ነበር?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው «የሆድ ነገር ሆድ ይቆርጣል፤ የቤት ኪራይ ያሳሰበውን ሰው ስለ ዓላማ አታውራው» ይላል። ተቃውሞው ተገቢ ነው፤ ማስረጃም አለው። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን የተባሉ ሁለት የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ የጫማ ፋብሪካና የአበባ እርሻ በሚገኙባቸው አምስት ድርጅቶች ሥራ ያመለከቱ 1,000 ገደማ ሰዎችን በዕጣ ከፍለው ለዓመታት ተከታትለዋል። የመጀመሪያው ውጤት የታተመው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ፋብሪካ ከገቡት ሲሶ ያህሉ በመጀመሪያው ወር ለቀቁ፤ ዓመት ሳይሞላም ከአራቱ ሦስቱ ያህል ወጥተዋል። የፋብሪካው ገቢ ከሌላው ሥራ ያልተሻለ፣ ለጤናም አደገኛ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ከእነዚህ ሰዎች ፊት ቆሞ «ሥራችሁን ውደዱ» ማለት ነውር ነው። ደመወዝና ደኅንነት በሌሉበት ዓላማ አይበቅልም።

ነገር ግን ይኸው ጥናት «ተቀጥሮ ከመሥራት የራስን መጀመር ነው መፍትሔው» ለሚሉትም መልስ አለው። ለአንደኛው ቡድን 300 ዶላር ያህል ገንዘብና ሥልጠና ተሰጥቶ ነበር፤ በመጀመሪያው ዓመት ገቢያቸው በሲሶ ያህል አደገ። ከአምስት ዓመት በኋላ ሲታይ ግን በቡድኖቹ መካከል የነበረው ልዩነት ጠፍቷል ማለት ይቻላል። ሥራን መቀየር መብት ነው፣ አንዳንዴም ግዴታ ነው። መቀየር ብቻውን ግን የትም አያደርስም። ከአንዱ ፋብሪካ ወደ ሌላው፣ ከፋብሪካ ወደ ጀብሎ፣ ከጀብሎ ተመልሶ ወደ ፋብሪካ የሚዞር ወጣት እጁ ላይ የሚቀር ሙያ ካላገኘ በየቦታው ጀማሪ ሆኖ ይቀራል።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ሐኪም ሰው ያድናል፤ እኔ ቀኑን ሙሉ እጅጌ እሰፋለሁ፣ ወለል እወለውላለሁ፤ ምኑ ነው ዓላማው?» የሚል ነው። ኤሚ ሬዝኔስኪና ጄን ደተን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የአንድ ሆስፒታል ጽዳት ሠራተኞችን አነጋግረው ነበር። የሥራ ዝርዝራቸው አንድ ነው። አንዳንዶቹ ሥራቸውን መጥረግና መወልወል ብቻ አድርገው ገለጹት። ሌሎቹ ግን ራሳቸውን በሽተኛን ከሚያድኑት ሰዎች መካከል ቆጠሩ፤ ሰዓት መርጠው ያጸዳሉ፣ ብቻውን የተኛውን ያጫውታሉ። ከእነሱ አንዷ ራሳቸውን ስተው በተኙ በሽተኞች ክፍል ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ሥዕሎች ቦታ ትለዋውጥ ነበር፤ ለውጡ ምናልባት ይረዳቸው ይሆናል ብላ። ማንም አላዘዛትም። ልዩነቱን ያመጣው መጥረጊያው አልነበረም፤ ሥራው ማን ዘንድ እንደሚደርስ ማየቷ ነው። በስፌት ላይን ላይ የተቀመጠችውን ኦፕሬተር አስቡ። እጅጌውን ሰፍታ ለቀጣይዋ ታቀብላለች፤ ሸሚዙ አልቆ ሲታጠፍ አታይም፣ ማን እንደሚለብሰው አታውቅም፣ የምታውቀው የዕለት ታርጌቷን ብቻ ነው። ሥራዋ ትርጉም አልባ ሆኖ ሳይሆን ትርጉሙ ከእሷ ተሸሽጎ ነው።

በዚህ ንግግር ላይ የሚነሣው ሦስተኛ ጥርጣሬ ከሁሉም ይበልጥ የሚያሳስበኝ ነው፦ «ይህ ሁሉ ሠራተኛው በትንሽ ደመወዝ ብዙ እንዲለፋ የተዘጋጀ ማባበያ ነው»። እንዲያ የሚያደርጉት አሠሪዎች አሉ፤ ልንክደው አይገባም። መለያው ቀላል ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ደንግጓል፤ ከዚያ በላይ ከተሠራ የትርፍ ሰዓት ክፍያ አለው። የመደራጀት መብትም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 የተረጋገጠ ነው። ስለ ዓላማ የሚሰብክ አለቃ እነዚህን ካላከበረ አትስሙት። አክብሮ ከተናገረ ግን ቃሉ ክብደት አለው፤ ምክንያቱም የመደራጀት መብቱን በማክበሩ ሠራተኛው የሚናገረውን ጭምር ለመስማት ፈቃደኛ ሆኗል ማለት ነው።

የአካባቢው ሰውም ድርሻ አለው። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን፣ ሸማኔን፣ ቆዳ ፋቂን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት የደረሱት፣ ንቀት ሙያን እንደሚገድል ስላዩ ነው። ዛሬ ስድቡ ቢቀንስም ንቀቱ አልጠፋም። ልጃችን ከፋብሪካ ስትመለስ «ስንት ይከፍሉሻል?» እንላታለን እንጂ «ዛሬ ምን ሠራሽ?» ብለን የምንጠይቃት ስንቶቻችን ነን?

ስለዚህ የምጠይቀው ጥቂት ነገር ነው። ሠራተኞች፣ ከእናንተ ቀጥሎ ሥራውን የሚረከበውን ሰው «የእኔ ሥራ ምኑ ላይ ያስቸግርሃል?» ብላችሁ ጠይቁት፤ የሙያ እድገት የሚጀምረው ከዚያ መልስ ነው። ሱፐርቫይዘሮችና የሰው ኃይል ኃላፊዎች፣ አዲስ የተቀጠረን ሰው የመጀመሪያውን ወር ለብቻው አትተዉት። በጥናቱ ሲሶው የለቀቀው በዚያ ወር ነው። ምርቱ አልቆ ወደሚታሸግበት ክፍል ወስዳችሁ አሳዩት፣ ለማን እንደሚላክ ንገሩት፣ ከዚህ ሥራ ቀጥሎ ምን ሊማር እንደሚችል ግለጹለት፣ አስተያየቱንም ተቀበሉት። ብዙ በጀት አይጠይቅም፤ ከሰኞ ጀምሮ ማድረግ ትችላላችሁ።