በኮሚኒቲ ኮሌጅ ጀምሮ ወደ ዩኒቨርሲቲ ስለ መሻገር

(በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ቀን ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለወላጆች የተደረገ ንግግር)



ከዚህ ትምህርት ቤት ወጥተው፣ ዘመድ ተከትለው ወይም በሌላ መንገድ ወደ አሜሪካ የተሻገሩ ልጆች ጥቂቶች አይደሉም። ከእነርሱም ብዙዎቹ በዋሺንግተን ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂንያ ግዛቶች ተቀምጠዋል። እኔም ከእነርሱ አንዱ ስለሆንሁ፣ ኮሙኒኬሽን የሚባለውን ትምህርት በኮሚኒቲ ኮሌጅ ጀምሬ በዩኒቨርሲቲ የፈጸምሁበትን መንገድ እንድገልጽላችሁ ተጠይቄአለሁ። የራሴን ታሪክ ትቼ መንገዱን ባሳያችሁ ይበልጥ የሚጠቅም ይመስለኛል።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ ልናገር። እናት ከአገር ቤት ስልክ ደውላ «ልጄ፣ የት ገባህ?» ብላ ስትጠይቅ፣ «ኮሚኒቲ ኮሌጅ» የሚለው መልስ ብዙ ጊዜ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ይነገራል። ወላጅም «ዩኒቨርሲቲው አልቀበል ብሎት ነው» ብሎ ያዝናል፤ ለጎረቤትም አያወራውም። ይህ ኀዘን ከንቱ ነው። የዚህ ዓይነቱ የመጀመሪያው የሕዝብ ኮሌጅ በ1901 (ዘመኑን ሁሉ የምናገረው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው) በኢሊኖይ ግዛት በጆሊየት ከተማ ሲከፈት፣ ሐሳቡን ያመነጩት የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ዊልያም ሬይኒ ሃርፐርና የጆሊየት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኃላፊ ጄ. ስታንሊ ብራውን ነበሩ። ተማሪዎቹ ስድስት ብቻ ነበሩ። የታሰበውም ልጆቹ ከቤታቸው ሳይርቁ የዩኒቨርሲቲን የመጀመሪያ ሁለት ዓመታት በከተማቸው እንዲማሩ ነው። ስለዚህ ይህ ኮሌጅ ከመነሻው የዩኒቨርሲቲ ደጅ ሁኖ የተሠራ እንጂ በፈተና የወደቀ ሰው መጠለያ አይደለም። «ኮሚኒቲ ኮሌጅ» የሚለው ስም የተስፋፋው ግን ዘግየት ብሎ፣ ፕሬዚዳንት ትሩማን ያቋቋሙት የከፍተኛ ትምህርት ኮሚሲዮን በ1947 ዘገባውን ካወጣ በኋላ ነው።

በዩኒቨርሲቲ ባችለር ለማግኘት አብዛኛውን ጊዜ 120 ክሬዲት ያስፈልጋል፤ በኮሚኒቲ ኮሌጅ የሚሰጠው አሶሼት ዲግሪ ደግሞ 60 ነው። ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ እዚያ ማለት ነው። ዋጋውም ከዩኒቨርሲቲው በጣም ያንሳል፤ ነገር ግን ለሁሉ እኩል አይደለም። በሜሪላንድ ለአውራጃው ነዋሪ አንድ ዋጋ፣ ከሌላ አውራጃ ለመጣ የግዛቱ ነዋሪ ሁለተኛ ዋጋ፣ ከግዛቱ ውጭ ለመጣ ሦስተኛ ዋጋ አለ። ከዚህ በተማሪ ቪዛ የሚሄድ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ከፍተኛውን ነው። «ርካሽ ነው» የሚለውን ወሬ ሰምቶ ለአጎቱ ከመጻፉ በፊት ይህን ይወቅ።

አሁን ወደ ትምህርቱ ልግባ። «ለማውራት ደግሞ ኮሌጅ ይገባል ወይ?» ብለው የሳቁ አባቶች አጋጥመውኛል። ኮሙኒኬሽን ማለት ሰው ሐሳቡን ለሰው የሚያደርስበትን መንገድ የሚመረምር ትምህርት ነው። በአማርኛ «ተግባቦት» የሚሉት ሊቃውንት አሉ፤ ቃሉ መልካም ነው፣ ጆሮዬ ግን ገና አለመደውም። በአሜሪካ በ1914 አሥራ ሰባት የንግግር መምህራን ከእንግሊዝኛ መምህራን ማኅበር ተለይተው የራሳቸውን ማኅበር ያቆሙት፣ ንግግር የጽሕፈት ጭራ ሳይሆን ራሱን የቻለ ዕውቀት ነው በማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ትምህርቱ ሰፍቶ፣ ሁለት ሰዎች ከሚነጋገሩበት ጀምሮ ሕዝብ ሁሉ እስከሚሰማው ሬዲዮና ቴሌቪዥን፣ እስከ ኢንተርኔትም ደርሷል።

በኮሚኒቲ ኮሌጅ ውስጥ ግን የነገሩ ሥር በሕዝብ ፊት የመናገር ኮርስ ነው። ለእኛ ልጆች ከባዱም እርሱ ነው። ተማሪው አምስት ወይም ሰባት ደቂቃ ተሰጥቶት፣ ሰዓቱ እየተቈጠረበት፣ ጥቂት ቃላት ብቻ በተጻፉባት ትንሽ ካርድ እየተመራ ይናገራል። ጽሑፍ አንብቦ መጨረስ አይፈቀድም፤ በቃል ሸምድዶ መዝለቅም ነጥብ ያስቀንሳል። የኛ ልጅ ደግሞ ያደገው በታላላቅ ሰዎች ፊት ዓይንን መስበር ጨዋነት መሆኑን ተምሮ ነው። መምህሩ ፊት ሲቆም ዐይኑ ወደ መሬት ይወርዳል፣ ድምፁም ይሰልላል። መምህሩም ይህን አክብሮት ነው ብሎ አይተረጉመውም፤ አልተዘጋጀም ብሎ ይጽፍበታል። ይህ በሁለት አገር ልማድ መካከል የሚደርስ አለመግባባት ራሱ የኮሙኒኬሽን ትምህርት አንዱ ምዕራፍ መሆኑን ተማሪው የሚያውቀው በሚቀጥለው ሴሚስተር ነው!

ቢሆንም ለንግግር ባዕድ አይደለንም። በላ ልበልሃ ብሎ በዳኛ ፊት የሚሟገት፣ በሠርግ ቤት ቆሞ የሚመርቅ፣ የተጣላን የሚያስታርቅ ሽማግሌ ያለን ሕዝብ ነን። በዚያ ኮርስ ለኛ አዲስ የሚሆነው አንደበት ሳይሆን ማስረጃ ነው። «እንዲህ ይባላል» ካሉ መምህሩ «ማን አለ? መቼ? የት ተጻፈ?» ይላል። አስተያየቴን ልደብቅ አልፈልግም፤ ከዚያ አገር ከተማርሁት ሁሉ ይህን ጥያቄ የሚያህል ያተረፈልኝ የለም።

አሁን ወደሚያሳስበው ነገር ደረስሁ። በኮሚኒቲ ኮሌጅ የሚጀምሩት አብዛኞቹ ሐሳባቸው ባችለር ነው። በ2015 የጀመሩትን ተማሪዎች ስድስት ዓመት የተከታተለ ጥናት ግን፣ ወደ ዩኒቨርሲቲ የተዛወሩት ሲሦ ያህል ብቻ መሆናቸውን፣ ከተዛወሩትም በዚያ ጊዜ ውስጥ ባችለር ያገኙት ግማሽ ያህሉ መሆናቸውን ያሳያል። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሥራ፣ ቤት ኪራይ፣ ለአገር ቤት የሚላክ ገንዘብ። ከምክንያቶቹ አንዱ ግን ክሬዲት በመንገድ ላይ መቅረቱ ነው። የአሜሪካ ኮንግሬስ የሒሳብ መርማሪ መሥሪያ ቤት በ2017 ባወጣው ዘገባ፣ ከኮሌጅ ወደ ኮሌጅ የሚዛወሩ ተማሪዎች ከክሬዲታቸው በአማካይ 43 ከመቶ ያህሉን እንደሚያጡ ገምቷል።

አንድ የማውቀው ልጅ ሌሊት መኪና እያቆመ፣ ቀን እየተማረ 60 ክሬዲቱን ጨረሰ። ኮርሶቹን የመረጠው ለሥራው ሰዓት የሚስማሙትን፣ ጓደኞቹም ቀላል ናቸው ያሉትን ነበር። ዩኒቨርሲቲው ተቀበለው፤ ነገር ግን ከኮርሶቹ ብዙዎቹ ለሚማርበት ክፍል የማያገለግሉ ትርፍ ክሬዲቶች ተብለው ተመዘገቡለት። ሌላ አንድ ዓመት ከፍሎ ተማረ። እናቱ «በሰኔ ይመረቃል» ብላ ለዕድሩ ሁሉ ተናግራ ነበርና፣ ያን ሰኔ ቤቷን ዘግታ አሳለፈች።

በኮሙኒኬሽን ይህ ጉዳት ይበልጥ ቅርብ ነው፤ ስሙ ሰፊ ነውና። በኮሌጅ ፓርክ በሚገኘው በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኮሙኒኬሽን በሥነ ጥበባትና በሰብአዊ ትምህርት ኮሌጅ ሥር ያለ ክፍል ነው፤ ጋዜጠኝነት ግን የራሱ ኮሌጅ አለው፤ የሚጠይቁትም ኮርስ ይለያያል። ጋዜጠኛ ለመሆን አስቦ የንግግር ኮርሶችን የሚያከማች፣ ወይም የካሜራ ሥራ ተምሮ ወደ ኮሙኒኬሽን ክፍል የሚሄድ ተማሪ፣ ሁለቱም ደክመው ሳለ የሚቈጠርላቸው ጥቂት ይሆናል።

ስለዚህ የምትሄዱበትን ዩኒቨርሲቲና ክፍል በመጀመሪያው ሴሚስተር አስቡ፤ አማካሪውንም «ይህ ኮርስ ይዛወራል ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁት። ሁሉም ማለት ይቻላል ይዛወራል! «በምን ቦታ ይቈጠርልኛል?» በሉት። መንገዱን ያቀለሉ ስምምነቶችም አሉ። የሰሜን ቨርጂንያ ኮሚኒቲ ኮሌጅና የጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ በ2018 አድቫንስ የሚባል ፕሮግራም ጀምረዋል፤ ተማሪው ገና ኮሌጅ ሲገባ እስከ ባችለር የሚያደርሰውን የኮርስ ዝርዝር ያገኛል። ሜሪላንድም በ2021 ባወጣው ሕግ፣ የሕዝብ ዩኒቨርሲቲ አንድን ኮርስ አልቀበልም ሲል ምክንያቱን ለተማሪውና ተማሪው ለመጣበት ኮሌጅ እንዲያስታውቅ አዝዟል።

ምክንያቱን ሲነግሯችሁ መልስ ለመስጠት ግን ወረቀት ያስፈልጋል። መምህሩ በኮርሱ መጀመሪያ የሚያድለውን ዝርዝር፣ ሲላበስ የሚሉትን፣ ኮርሱ ካለቀ በኋላ አትጣሉት፤ በአንድ አቃፊ አኑሩት። አቤቱታ ይዛችሁ ስትቀርቡ የኮርሱ ስም ብቻውን አይረዳችሁም፤ በየሳምንቱ የተማራችሁትን የሚያሳየው እርሱ ነው። የእኔን ዝርዝሮች ቅጂ ለዲሬክተሩ ጽሕፈት ቤት ሰጥቻለሁ፤ ማየት የሚፈልግ ተማሪም ወላጅም እዚያ ይጠይቅ።