ዛፍ ከመትከል በፊት ቦታን ማወቅ



ስንዴ ቢበላሽ ኪሳራው የአንድ ዓመት ነው። ያለ ቦታው የተተከለ ዛፍ ግን የዓመታት ድካም ይዞ ይሄዳል።

የአርሲ ሮቤ መረሬ አፈር በክረምት ውኃ ያቁራል፤ በጥቅምትና በኅዳር ሌሊትም ውርጭ ያሰጋል። ለማንጎና ለፓፓያ አይሆንም። በጨንቻ ደጋ ገበሬውን የጠቀመው ፖም ግን ብርድ ይወዳል።

አና እና ዶርሴት ጎልደን የተባሉት ዝርያዎች መጠነኛ ብርድ ይበቃቸዋል፤ የአበባ ዱቄት ስለሚለዋወጡም ጎን ለጎን ይተከሉ። የፖም ሥር ውኃ ከተኛበት ይበሰብሳል። በሐምሌ አንድ ክንድ ተቆፍሮ፣ የገባው ውኃ በማግሥቱ ካልሰረገ፣ መደቡ ከፍ ይበል፣ ቦይም ይውጣ፤ ካልሆነ ተዳፋት ይፈለግ።

በሪፖርትም «ስንት ችግኝ ታደለ?» ከሚለው በፊት «ስንቱ ጸደቀ?» ተብሎ ይጠየቅ።