ዘይት አይበደርም፤ ጊዜ ግን ይበደራል
(በዐቢይ ጾም፣ በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በአንዲት አባል የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ስለ ዝግጅት እንድናገር ተጠይቄአለሁ። ለጎጃም ሴት ስለ ዝግጅት መናገር ለቀባሪ ማርዳት እንዳይሆንብኝ እፈራለሁ። ለፋሲካ ጠላ የምታስብ ሴት ብቅሏን በሰሙነ ሕማማት አታበቅልም፤ ጌሾዋንም ቀድማ ትወቅጣለች። ኩበቱና እንጨቱ ክረምት ሳይገባ ይከተታል። በሐምሌ ደረቅ ኩበት ፍለጋ የወጣች ሴት የምታገኘው ጭቃ ነው።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 የምናነባቸው ዐሥሩ ደናግል ሁሉም መብራት ነበራቸው፤ ሁሉም ሙሽራውን ይጠብቁ ነበር፤ ሁሉም አንቀላፍተዋል። የለያቸው ዘይቱ ብቻ ነው። አምስቱ ልባሞች ግን ዘይታቸውን አላካፈሉም። ጨውና እሳት እየተዋዋስን ላደግን ለእኛ ይህ ንፍገት ይመስላል። አይደለም። ዘይቱ ምግባር ነው ብለው አባቶች ያስተምሩናል፤ ምግባር ደግሞ ከጎረቤት አይዋሱትም። የእናት ንስሐ የልጅን፣ የባል ጾም የሚስትን አይተካም።

እዚሁ በአካባቢያችን፣ በዲማ ጊዮርጊስና በደብረ ኤልያስ፣ የቅኔ ተማሪዎችን እናውቃለን። ተማሪው ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ መወድስ ድረስ ቅኔ እየቆጠረ ለመምህሩ ይነግራል። በበዓል ቀን በማኅሌት ቆሞ አዲስ ቅኔ ሲያሰማ ድንገት የመጣለት ይመስላል፤ ከዚያች ቅጽበት በስተጀርባ ግን የብዙ ሌሊት ድካም አለ። ቆሎውን ጓደኛው ያካፍለዋል፤ ቅኔውን ግን ራሱ መቁጠር አለበት።

ወደ እኛ ልመለስ። የባሏን ጋቢ አጥባ፣ የልጆቿን ልብስ አሰናድታ፣ ወጡን ሠርታ፣ በትንሣኤ ሌሊት ድካም ጥሏት ከቤት የቀረች እኅት በመካከላችን የለችም? ንስሐ አባቷን ለማነጋገር «ለሁዳዴ» ስትል፣ ቀጥላም «ለፍልሰታ» ስትል ዓመት የተተካባትስ? ለሁሉ አዘጋጅታ እርሷ ብቻ ሳትዘጋጅ ትቀራለች። ይህ ስንፍና አይደለም፤ ጊዜ ማጣት ነው።

ማኅበራችን የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ብር ቆጥበን እንበዳደራለን፤ አዝመራ ሲደርስ በወንፈል እንተጋገዛለን። ዘይት አይበደርም፤ ዘይቱን የምንሞላበት ጊዜ ግን ይበደራል። ሐሳቤ ይህ ነው፦ በየጎረቤታችን አምስት አምስት እንሁን። በየእሑዱ አንዷ የአራቱን ቤት ከብትና ታማሚ ትጠብቅ፤ አራቱ ያስቀድሱ። በሚቀጥለው እሑድ ሌላዋ ትተካት። ንስሐ አባቷን ልታነጋግር የምትሄድ እኅትም ቀኗን ትንገረን፤ እንጀራዋን እኛ እንጋግርላት። ደጋፊዎቻችንም፣ የአንዲት ሴት ሸክም በቀለለ ቁጥር ለነፍሷ የሚተርፍ ሰዓት እንደሚገኝ አስቡልን።

ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ከዚያ ላይ ብዙው ሄዷል። ሙሽራው በእኩለ ሌሊት መጣ እንጂ ቀጠሮ አልሰጠም። ከዚህ ስንነሣ አምስት አምስቶቹን እንመዝግብና የመጀመሪያዋን ተረኛ ለመጪው እሑድ እንሰይም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር። አሜን።